ሙታን ያውቃሉ ወይስ አያውቁም? በለቅሶ ቤት ጥቅስ ለሚወራወሩ



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገሬ በገባሁ በሳምንቱ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ዐረፉ። አገሬ ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። የምነግራችሁ ነገር በሁሉም ውስጥ ስለሚደረግ ስሟን መጥቀስ አያስፈልግም። እኒህ እናት ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ዲያቆን ነው። መካከለኛው እዚሁ አዳማ ሲማር የወንጌላውያንን እምነት ተቀብሏል። ሴቲቱ ልጃቸው ደግሞ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት አግብታ ከባሏ ጋራ ታመልካለች። ሦስቱም እናታቸውን ይወዱ ነበር፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም።

ሬሳው ተገንዞ ሊወጣ ሲል ጭቅጭቅ ተነሣ። ታላቁ፣ ቄሶቹ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ አርባዋም ይወጣል አለ። መካከለኛው ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት 9ኛ ምዕራፍ ጠቅሶ፣ ከሞት በኋላ የሚጠብቀው ፍርድ ነው፤ የሙት ጸሎት የሚባል ነገር የለም ብሎ ተቃወመ። አማቻቸው በበኩሉ መጽሐፈ መክብብን ገለጠና፣ ሙታን ምንም አያውቁም፤ ስለዚህ ፍትሐቱም ከንቱ ነው፤ አሁኑኑ በሰማይ ናት ማለትም ከንቱ ነው አለ። ታላቁ የነዌንና የአልዓዛርን ታሪክ አንሥቶ መለሰለት። ድንኳኑ በሦስት ተከፈለ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቁመው ክርክሩን ያዳምጡ ጀመር። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ፣ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነሡና «ልጆቼ፤ ክርክሩ ይቆያችኋል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ እናታችሁን ዝናብ ሳይመታት እንቅበራት» አሏቸው። ቃሬዛውን አስቀድመው የያዙትም እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ልጅ፤ መጽሐፉ ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ልመልሰው የሚገባኝና ሳልመልስ የቀረሁት ቃል ነው። መልሴም ይህ ነው፦ መጽሐፉ ስለ ሞት በአንድ ድምፅ ብቻ አይናገርም። ስለዚህ አንዲት ጥቅስ መዝዞ ሐዘንተኛን የሚመታ ሰው፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ሟቹንም መጽሐፉንም በድሏል።

ይህን ስል ተቆጥቶ ጋዜጣውን የሚቀድ ወንድም እንዳይኖር፣ እባካችሁ አንድ ባንድ እንመልከተው።

መክብብ በ3ኛው ምዕራፍ የሰውና የእንስሳ ዕጣ አንድ መሆኑን ይናገራል፤ የሰው ነፍስ ወደ ላይ መውጣቷን ማን ያውቃል ብሎም ይጠይቃል። በ9ኛው ምዕራፍ ሙታን ዕውቀትም ዋጋም እንደሌላቸው ይደመድማል። ዳዊት በ6ኛው መዝሙር በሞት ውስጥ ሆኖ እግዚአብሔርን የሚያስብ እንደሌለ ይማጠናል። ሕዝቅያስም በትንቢተ ኢሳይያስ 38ኛ ምዕራፍ ይህንኑ ይላል። ኢዮብ በ14ኛው ምዕራፍ ለተቆረጠ ዛፍ ተስፋ አለው፤ ሰው ግን ከተኛ አይነሣም እያለ ያለቅሳል። እነዚህ የከሓዲ ቃሎች አይደሉም፤ በየቤታችን የሚነበቡ የቅዱሳን መጻሕፍት ቃሎች ናቸው።

ቀጥለን ትንቢተ ዳንኤልን 12ኛ ምዕራፍ እናንብብ። በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች እንደሚነቁ፣ አንዳንዶቹ ለዘላለም ሕይወት፣ ሌሎቹ ለኀፍረት እንደሚነሡ ይነግረናል። የኢዮብ «አይነሣም» የት ሄደ? ሊቃውንት የመጽሐፈ ዳንኤልን የመጨረሻ ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት፣ አንጥያኮስ አራተኛ አይሁድን ባሳደደበት ዘመን ያደርጉታል። የቀድሞው እምነት ጻድቅ ረጅም ዕድሜና ብዙ ልጅ ያገኛል የሚል ነበር። ያን ጊዜ ግን ሕጉን የጠበቀው ወጣት ተገደለ፤ ሕጉን የካደው ተሾመ። እንግዲህ የእግዚአብሔር ፍርድ ከመቃብር ወዲህ ካልተፈጸመ፣ ከመቃብር ወዲያ መፈጸም አለበት የሚለው ተስፋ በግፍና በደም መካከል ጎላ። የትንሣኤ ተስፋ የተበደለ ሰው ጩኸት እንደሆነ ልብ በሉ።

በእስክንድርያ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፈ ጥበብ ደግሞ በ3ኛው ምዕራፍ ሌላ መንገድ ይይዛል። የጻድቃን ነፍሳት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው፤ ሞቱ የሚመስላቸው ለሰነፎች ነው ይላል። እዚህ ላይ የሚነገረው ከትቢያ ስለሚነሣ ሥጋ አይደለም፤ ስለማይሞት ነፍስ ነው። እንግዲህ ሁለት ወንዞች አሉን፤ አንደኛው የሥጋ ትንሣኤ፣ ሁለተኛው የነፍስ አለመሞት። በሐዲስ ኪዳን ሁለቱም ይገናኛሉ፤ ውኃቸው ግን ፈጽሞ አልተደባለቀም።

ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ምስክር ነው። ለተሰሎንቄ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ 4ኛ ምዕራፍ የሞቱትን ያንቀላፉ ይላቸዋል፤ የሚነሡትም መለከት ሲነፋ ነው። ለፊልጵስዩስ ሰዎች በ1ኛው ምዕራፍ ግን ከዚህ ዓለም ተለይቶ ከክርስቶስ ጋራ መሆንን ይናፍቃል፤ የሚጠብቀው እንቅልፍ መሆኑንም አያነሣም። በሐዋርያት ሥራ 2ኛ ምዕራፍ ጴጥሮስ ዳዊት ሞቶ እንደተቀበረና ወደ ሰማይ እንዳልወጣ ይመሰክራል። በሉቃስ ወንጌል 16ኛ ምዕራፍ ግን አልዓዛር ወዲያው በአብርሃም እቅፍ ነው፤ ባለጠጋውም ይጠማል፣ ያያል፣ ይናገራል። በዮሐንስ ራእይ 6ኛ ምዕራፍ የሰማዕታት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው ይጮኻሉ። የተኛ ይጮኻልን?

እዚህ ላይ የሦስቱን ተከራካሪዎች ብልኀት እንግለጠው። የፍትሐቱ ወገን መክብብ የተናገረው ከፀሐይ በታች ስላለው ኑሮ ብቻ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአድቬንቲስቱ ወገን የአልዓዛር ታሪክ ምሳሌ ነው ብሎ ያልፈዋል። የወንጌላውያኑ ወገን እንቅልፍ የተባለው ሥጋ ነው፤ ነፍስ አትተኛም ብሎ ያልፈዋል። እያንዳንዱ የራሱን ጥቅስ «ግልጽ ቃል»፣ የወንድሙን ጥቅስ «ምሳሌ» ይለዋል። ሦስቱም ትርጓሜ ማስረጃ ሊኖረው ይችላል። ትርጓሜ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። እኔ እተረጕማለሁ፤ አንተ ታጣምማለህ ማለት ከተማረ ሰው አይጠበቅም።

በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ነገር ተመልከቱ። «ዛሬ» የምትለው ቃል ከተስፋው ጋራ ስትነበብ ወንበዴው በዚያው ቀን ገነት ይገባል። «ዛሬ እልሃለሁ» ተብላ ስትነበብ ግን ተስፋው ለወደፊት ይሆናል። የጥንቶቹ የግሪክ ብራናዎች እንደ ዛሬው መጽሐፍ ቃሉን በነጠላ ሰረዝ ስለማይለዩ፣ ክርክሩ በአንዲት ሰረዝ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ዛሬ አለ። አብዛኞቹ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ንባብ ይመርጣሉ፤ እኔም እነሱን እከተላለሁ። ነገር ግን ስለ ሰረዝ ብዬ የእናቱን ሬሳ የያዘ ሰው ፊት አልቆምም።

ሌላው የሚያሳዝነኝ በገዛ ቋንቋችን ያለውን ምስክር አለማየታችን ነው። ነፍስ የምንለው ቃል ከዕብራይስጡ «ኔፌሽ» ጋራ የአንድ ቤት ልጅ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት 2ኛ ምዕራፍ በዕብራይስጡ አዳም ሕያው ኔፌሽ ሆነ ይባላል፤ እንደ ዕቃ ነፍስ ተሰጠው አይባልም። በኦሪት ዘኍልቍ 6ኛ ምዕራፍ ይኸው ቃል ለሬሳ ጭምር ተነግሯል። እኛስ ምን እንላለን? ነፍሰ ጡር ስንል ሁለት ሰውነት ያላት ማለታችን ነው። ልጁ ነፍስ ዐወቀ ስንል አእምሮው በሰለ ማለት ነው። ነፍሰ ገዳይ ስንል ሕይወት ያጠፋ ማለት ነው፤ ነፍስ ከቶ የማትሞት ከሆነች ገዳይዋ ከወዴት መጣ? መልሰን ደግሞ ነፍስ ይማር እንላለን፤ ይህን ስንል ከሥጋ የተለየች፣ ምሕረት የምትቀበል ነፍስ አለች ማለታችን ነው። እንግዲህ አማርኛችን ራሱ ሁለቱንም አሳብ ባንድ አፍ ይናገራል።

ሲኦልም እንዲሁ ነው። ያዕቆብ በዘፍጥረት 37ኛ ምዕራፍ ወደ ልጄ ወደ ሲኦል እወርዳለሁ ሲል የእሳት ቅጣት እየመኘ አልነበረም፤ ሲኦል ጻድቁም ኃጥኡም የሚወርድበት የሙታን አገር ነበር። ገሃነም ግን በኢየሩሳሌም አጠገብ ካለው ከሄኖም ሸለቆ ስሙን ያገኘ ሌላ ነገር ነው። ሰባኪዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያስፈራሩበት፣ የገጠር እናት የያዕቆብን ቃል ስትሰማ ትደነግጣለች።

አንዳንዱ፣ «ይህ የፈረንጅ ምርምር ነው፤ የአባቶቻችንን ሃይማኖት ይንዳል» ሊለኝ ይችላል። እንዲያውም ምስክሬን ከአባቶች ቤት ላምጣ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ለዓለም የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ ብራናዎቹን ወደ አውሮፓ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው፤ በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቍርጥራጮቹ ተገኙ። ይህ መጽሐፍ በ22ኛው ምዕራፍ የሙታን ነፍሳት እንደየሥራቸው በተለያዩ ስፍራዎች ፍርዱን ሲጠብቁ ያሳያል። ኩፋሌ ደግሞ በ23ኛው ምዕራፍ የጻድቃን ዐጥንት በምድር ዐርፎ መንፈሳቸው እንደሚደሰት ይናገራል። ከግሪኩ መጽሐፍ ፈጽሞ የተለየው መጽሐፈ መቃብያን ካልእ ስለ ትንሣኤ የሚከራከሩትን ወገኖች፣ ሰዱቃውያንንና ፈሪሳውያንን፣ ሳምራውያንንም ሳይቀር ያነሣል። እንግዲህ 81 መጻሕፍት የቈጠሩት አባቶች መክብብን ከሄኖክ፣ ኢዮብን ከመጽሐፈ ጥበብ ጋራ ባንድ ሣጥን አኖሩ። አንዱን ስለ ሌላው ብለው አልቀደዱም። እኛ የምንቀደው ለምንድን ነው?

በውጭውም ዓለም ቢሆን ነገሩ በቀላሉ አልተዘጋም። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ እ.ኤ.አ. ከ1331 ጀምሮ የጻድቃን ነፍሳት እስከ መጨረሻው ፍርድ ድረስ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አያዩም ብሎ ሰበከ፤ ብዙ ሁከት ተነሣ፤ በ1334 ሊሞት ሲል አሳቡን መለሰ። ተተኪው በ1336 ተቃራኒውን ደነገገ። በተሐድሶው ዘመን ሉተር ብዙ ጊዜ ሞትን እንደ እንቅልፍ ሲያስተምር፣ ካልቪን የነፍስን እንቅልፍ የሚቃወም ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1955 ኦስካር ኩልማን በሃርቫርድ ቀርቦ የሶቅራጥስን ሞትና የክርስቶስን ሞት አነጻጸረ። ሶቅራጥስ በሰላም ጽዋውን ጠጣ፤ ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ተጨነቀ። ስለዚህ ለመጽሐፉ ሰዎች ሞት ጠላት እንጂ የነፍስ ነጻ አውጪ አይደለም፤ ተስፋቸውም ትንሣኤ ነው አለ። ብዙ ክርስቲያኖች ተቆጡበት። ጳጳሱና ተተኪው፣ ሉተርና ካልቪን ያልተስማሙበትን እኛ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ በግማሽ ሰዓት እንጨርሰዋለን ማለት ነውን?

ይህ ክርክር ደግሞ ከማንም ይልቅ የእኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጕዳይ ነው። በዚህችው ከተማ ስሟ ናዝሬት በነበረ ጊዜ የሜኖናይት ሚሲዮን በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል ያስተዳድር ነበር፤ ከዚያም ዘር የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በቀለች፤ ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘጋት፤ እርሷ ግን አልጠፋችም። ከሻሸመኔ በስተሰሜን በኩየራ አድቬንቲስቶች ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነበራቸው። በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ። ሙስሊሙ በየከተማው ነው፤ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳርም ኦሮሞው ለዋቃ ምስጋና ያቀርባል።

ሻሸመኔ ላይ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ንባብ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌላም አገር የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ ሬሳ ካለበት ይርቃሉ። ለዚህም በዘኍልቍ 6ኛ ምዕራፍ ያለውን የናዝራዊ ስእለትና በማቴዎስ 8ኛ ምዕራፍ ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ የተባለውን ይጠቅሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ፤ ዐጽማቸው በጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ። ከራስ ተፈሪያውያኑ ጥቂቶች ተገኙ፤ ብዙዎቹ ግን ሞቱን አልተቀበሉም። በእነሱ ላይ የሚስቅ ተማሪ አይቻለሁ። ወዳጄ ሆይ፤ እነሱም እንዳንተው ጥቅስ ይዘዋል። ጥቅስ መያዝ ብቻውን እውነት መያዝ ከሆነ በምን ትመልስላቸዋለህ?

የሳይንስ ተማሪ ነኝ ባዩም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። በሦስቱም ላይ እየሳቀ «ሞተች፤ አለቀ» የሚለው ወንድም አዲስ ነገር የተናገረ ይመስለዋል። መክብብ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ከእርሱ በተሻለ ቋንቋ ጠይቆታል፤ መክብብ ግን በሐዘንተኛ ላይ አልሳቀም።

«ታዲያ ምንም የጸና ነገር የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በእነዚህ ሁሉ ድምፆች ውስጥ ሰው በገዛ ኃይሉ ሞትን የሚያሸንፍበት ቦታ አላገኘሁም። ለጢሞቴዎስ በተጻፈው በመጀመሪያው መልእክት 6ኛ ምዕራፍ የማይሞተው እግዚአብሔር ብቻ ነው። በመጀመሪያይቱ ቆሮንቶስ 15ኛ ምዕራፍ የሚሞተው የማይሞተውን ይለብሳል፤ ልብስ ደግሞ ከውጭ የሚሰጥ ነው። ነፍስ ትተኛ ወይም ትንቃ፣ ተስፋው ከሰጪው እንጂ ከእኛ ንብረት አይደለም። ይህን የሚያምን ሰው የወንድሙን ሟች በጥቅስ ለመቀማት እጁን አይዘረጋም።

ልዩነት የለም አላልኩም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፍትሐት የሚያስደርስ ሰው ሙታን በእኛ ጸሎት ይጠቀማሉ ብሎ ያምናል፤ የማያስደርሰው አይጠቀሙም ይላል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ እንከራከር፤ ግን በቦታው እንከራከር። ለዚህም ሦስት ነገር ለማኅበራችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከመካከላችን ተማሪ ወይም የተማሪ ወላጅ ሲሞት፣ ከማኅበሩ የሚላኩት ልጆች በሟቹ ቤተ ሰብ ሥርዐት ይገኙ፤ አፈር ያልብሱ፤ ንፍሮውን ይቅመሱ፤ ስብከታቸውን ግቢ ጥለው ይሂዱ።

ሁለተኛ፤ የግቢ ጉባኤውም፣ የወንጌላውያኑ ኅብረትም፣ አድቬንቲስቶቹም፣ የማያምኑትም የሚገኙበት አንድ የንባብ ጉባኤ ይደረግ። መምህራኖቻችንም ይምሩን። መክብብ 9፣ ዳንኤል 12፣ ሉቃስ 16፣ አንደኛ ቆሮንቶስ 15፣ ሄኖክ 22 ከዳር እስከ ዳር ይነበቡ። ጥቅስ መምዘዝ ክልክል ይሁን፤ ምዕራፉን ሁሉ ያላነበበ አይናገር።

ሦስተኛ፤ ወደየአገራችን ስንመለስ የመቃብር ቦታ የእምነት መቅጫ እንዳይሆን በየእድራችን እንናገር። እምነቱን ስለ ለወጠ ሰው የሚቀበርበት አፈር ሲነፈገው ያየ ሁሉ የምለውን ያውቃል። አዳም ከአፈር መሠራቱን ሦስቱም ወገን ያምናሉ፤ ታዲያ አፈሩን ማን ከማን ይነፍጋል?

እኒያን እናት በዚያ ቀን ከዝናቡ በፊት ቀበርናቸው። ቄሶቹ ፍትሐታቸውን አደረሱ፤ መካከለኛው ልጅ ራቅ ብሎ ዐይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ አማቻቸው አካፋ ይዞ አፈር መለሰ። ሦስቱም አለቀሱ። በማግስቱ ጭቅጭቁ ቀጥሏል፤ ዛሬም አላለቀም። ያን ቀን የጠየቀኝን ሰው ግን ገና ስላላገኘሁት መልሱን እዚህ ጽፌለታለሁ።

ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ይህ ገጽ ለእርሱም ክፍት ነው። ብቻ ምዕራፉን ሁሉ አንብቦ ይምጣ።